ፋብሪካው መሥራት ላቆመው ቤዝ ጊታር ምትክ ፍለጋ



ዛሬ የምጽፈው ስለ ጫት፣ ስለ ሽንኩርት ወይም ስለ ምንዛሪ አይደለም፤ ስለ አንድ ቤዝ ጊታር ነው። ነገሩ ግን ከሥራችን አይርቅም። ደንበኛ «ይህንኑ አምጪልኝ» ብሎ ያዘዘው ዕቃ ከገበያ ሲጠፋ ምን እናደርጋለን? እኔ መልሱን ያገኘሁት ከስሬ ነው። ከዚያም የዕቃውን ታሪክ ሳገላብጥ፣ ጥያቄው ከአንድ ጊታር በላይ ሆኖ አገኘሁት። ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጆች አቆጣጠር አስቀምጣለሁ፤ ደረሰኞቻችንም በዚያው ናቸውና።

ባለዕቃው «ጋሼ» የምላቸው አዛውንት ሙዚቀኛ ናቸው። ድሬዳዋ ተወልደው ጅቡቲ ከተማ ነው ያረጁት፤ ዛሬም የሐበሻ ሠርግና በዓል ሲኖር ቤዝ ይጫወታሉ። በኖቬምበር 2019 ጅቡቲን ያጥለቀለቀው ጎርፍ ቤታቸው ገብቶ ጊታራቸውን አበላሸው። እንጨቱ አበጠ፣ አንገቱ ተጣመመ፣ የውስጥ ሽቦው ዛገ። ጠጋኝ አየውና «አይሆንም» ብሎ መለሰላቸው።

ሜኔሊክ አደባባይ በረንዳው ሥር ቡና ይዘን ሳለ ፎቶውን በስልካቸው አሳዩኝ። ይህ አደባባይ በወረቀት ላይ ስሙ ተቀይሯል። ጅቡቲ ጁን 27 ቀን 1977 ነፃ ከወጣች በኋላ በዚያው ቀን ተሰይሟል፤ የሰው አፍ ግን እስከ ዛሬ ሜኔሊክ ይለዋል። ጋሼ በወጣትነታቸው በዙሪያው በነበሩ የምሽት ቤቶች ተጫውተዋል። ጊታሩንም የገዙት ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንሳዊ ወታደር ላይ ነበር። ስሙ ፌንደር ሙስታንግ ቤዝ ነው።

«ይህንኑ አምጪልኝ ልጄ፣ ሌላ አልፈልግም» አሉኝ። እሺ ብዬ ቀብድ ተቀበልኩ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ዱባይ ካለ አንድ ሱቅ በቀለሙ የሚመሳሰል፣ አራት ክር ያለው ቤዝ በ220 ዶላር አስመጣሁ። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1973 ጀምሮ በአንድ ዶላር 177.721 ሆኖ የታሰረ ስለሆነ በምንዛሪ ማሳበብ አልችልም፤ ከ39 ሺህ ፍራንክ በላይ ወጣብኝ። ጋሼ ተቀብለው ጭናቸው ላይ አደረጉት። ግራ እጃቸውን ወደ አንገቱ ጫፍ ሰደዱና ጥቂት ሞከሩ። ከዚያ ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ጥሩ ዕቃ ነው» አሉ፤ «ግን ጣቶቼ አይደርሱም።»

ቀብዱን መለስኩ። ጊታሩ ቤቴ ግድግዳ ላይ ቀረ። የንግድ ዲፕሎማዬን ስማር ዕቃ በስሙ ሳይሆን በመግለጫው ይታዘዛል ብለውን ነበር፤ እኔ ግን በፎቶ ገዛሁ። ከዚያ በኋላ ነው የዚህን ዕቃ ታሪክ ማንበብና ሙዚቀኞችን መጠየቅ የጀመርኩት።

ቤዝ ጊታር ራሱ ምትክ ነበር

መጀመሪያ የገረመኝ ነገር ይህ ነው። ቤዝ ጊታር ራሱ ለሌላ ዕቃ ምትክ ሆኖ የመጣ ነው። ከእሱ በፊት ወፍራሙን ድምፅ የሚሰጠው ቆመው የሚጫወቱት፣ ከሰው ቁመት የሚበልጠው ትልቁ ኮንትራባስ ነበር። ለመሸከም ያስቸግራል፤ መኪና ውስጥ አይገባም። የነፋስ መሣሪያና ከበሮ ሲበረታ ድምፁ ይዋጣል። አንገቱም ምልክት ስለሌለው ትክክለኛዋን ድምፅ ለማግኘት ብዙ ልምምድ ይጠይቃል።

ካሊፎርኒያ ውስጥ ሊዮ ፌንደር የሚባል የራዲዮ ጠጋኝ የነበረ ሰው በ1951 መፍትሔ አመጣ። ኮንትራባሱን አላሳነሰውም። የሚሠራውን ሥራ ወስዶ በኤሌክትሪክ ጊታር ቅርጽ አስቀመጠው። አንገቱ ላይ የብረት መስመር፣ ማለትም ፍሬት ስላለው ጣት ያረፈበት ድምፅ አይዛነፍም። «ፕሪሲዥን» ያለውም ለዚህ ነው። አራቱ ክሮች እንደ ኮንትራባሱ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል ተብለው ይቃኛሉ። የክሩ ርዝመት 34 ኢንች፣ ወደ 86 ሳንቲ ሜትር ሆነ። እስከ ዛሬ በዓለም ላይ ከሚሸጡት ቤዞች ብዙዎቹ ይህንኑ ልክ የያዙ ናቸው። እኔ ያስመጣሁትም እንደዚያው ነበር።

ወደ እኛ የመጣበት መንገድ

የሙዚቃ መሣሪያ በዚህ በኩል ወደ አገራችን መግባት የጀመረው ከእኛ በጣም ቀድሞ ነው። የባቡሩ ሥራ ከጅቡቲ በ1897 ተጀምሮ ድሬዳዋ በ1902፣ አዲስ አበባ በ1917 ደረሰ። በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች፣ እኛ «አርባ ልጆች» የምንላቸው፣ ከመርከብ ጅቡቲ ወርደው በዚሁ ባቡር ነው አዲስ አበባ የገቡት። የነፋስ መሣሪያ የሚጫወቱ ነበሩ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የዘውዱን ዘመን የሕዝብ መዝሙር ዜማ ደረሰ። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ትልቅ የሙዚቃ መምህር ሆነ።

በዚያ ዘመን ሙዚቀኛው የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ነበሩ፤ መሣሪያውም የተቋሙ ንብረት ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግን በሆቴሎች የሚጫወቱ የግል ባንዶች በዙ። አምሃ እሸቴ በ1969 የራሱን ሸክላ ማሳተም ጀመረ። የግል ባንድ አባላቱ ጥቂት ስለሆኑ ብዙ የነፋስ መሣሪያ መያዝ አይችልም። ስለዚህ ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ኦርጋን፣ ድራምና ቤዝ ጊታር ዋና ሆኑ።

የዚያ ዘመን ቤዝ ምን እንደሚሠራ ማወቅ የፈለገ ጆቫኒ ሪኮን ይስማ። በአይቤክስ ባንድ፣ በኋላም በሮሃ ባንድ ቤዝ የተጫወተው እሱ ነው። ማሕሙድ አሕመድ በ1975 «እሬ መላ መላ»ን ሲያወጣ ከኋላው የነበረው አይቤክስ ነው። በዋልያስ ባንድ ደግሞ መላኩ ገብሬ ነበር። የእኛ ዘፈን በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰል ወይም በአንቺሆዬ ሲሄድ ዘፋኙ ዜማውን እያጠማዘዘ ይወጣል፣ ይወርዳል። መሬቱን የሚይዝለት ቤዙ ነው። ሠርግ ላይ እስክስታ የሚመታ ሰው ቤዝ የሚባል ነገር መኖሩን ላያውቅ ይችላል፤ ሲጠፋ ግን ትከሻው ያውቀዋል።

ሙስታንግ ለምን ተሠራ፣ ለምን ቆመ?

ሊዮ ፌንደር ፋብሪካውን በ1965 መጀመሪያ ላይ ሲቢኤስ ለሚባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥንና የራዲዮ ኩባንያ በ13 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። ሙስታንግ ቤዝ ገበያ የወጣው በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1966 ነው። የታሰበውም ለተማሪዎችና እጃቸው ትንሽ ለሆነ ተጫዋቾች ነበር። የክሩ ርዝመት 30 ኢንች፣ 76 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። አራት ኢንች ብቻ አጠረ።

አራት ኢንች ለነጋዴ ምንም አይደለም፤ ለጣት ግን ብዙ ነው። አስልቼ አየሁት። በ34 ኢንቹ ቤዝ ከአንደኛው ፍሬት እስከ አራተኛው 13 ሳንቲ ሜትር ነው። በ30 ኢንቹ 11 ሳንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል። አመልካች ጣት አንደኛው ላይ፣ ትንሿ ጣት አራተኛው ላይ ስታርፍ ልዩነቱ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ነው። በወጣትነቱ ረጅሙን ያልለመደ፣ አሁን ደግሞ መገጣጠሚያው የደረቀ አዛውንት ይህችን ርቀት ሌሊቱን ሙሉ ሊዘረጋት አይችልም። ጋሼ «አይደርሱም» ያሉኝ ይህንን ነበር።

በ1970ዎቹ የጃፓን ፋብሪካዎች ጥሩና ርካሽ ጊታር እያወጡ የአሜሪካኖቹን ገበያ ይሻሙ ጀመር። ሙስታንግ ቤዝ በ1981 ቆመ። ጊብሰንም ኢቢ 3 የተባለውን አጭር ቤዙን በ1979 አቁሞ ነበር። ፌንደር በ1982 እዚያው ጃፓን የራሱን ቅርንጫፍ አቋቋመ። በ1985 ደግሞ ሲቢኤስ ኩባንያውን ለራሱ ኃላፊዎች ሸጠው። ሙስታንግ ቤዝ ከጃፓን ፋብሪካ ተመልሶ የወጣው ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ በ2002 ነው።

ይህን ሳነብ ትንሽ ተናደድኩ። ዕቃው ጭራሽ ጠፍቶ አልነበረም። ስሙም ልኩም ተመልሶ ነበር፤ እኔ ነኝ በትክክል ያልጠየቅሁት።

ሰዓት እላፊና ኪቦርድ

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋትም መናገር አለብኝ።

ከ1974 በኋላ የደርግ ሰዓት እላፊ የምሽት ቤቶችን ጎዳ። የሙዚቃ ሥራ በትልልቅ ሆቴሎች ተወሰነ፤ ሸክላው ቀርቶ ካሴት መጣ። ሙዚቀኞችም ተበተኑ። ዋልያስ በ1981 አሜሪካ ለሙዚቃ ሲሄድ ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ። ከቀሩት አንዱ ኃይሉ መርጊያ በ1985 አኮርዲዮኑን ይዞ፣ ባንዱ ይሠራ የነበረውን በኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች እየሞላ ብቻውን አንድ ካሴት ቀዳ። ያ ካሴት በ2013 ድጋሚ ታትሞ ዓለም ሰማው። እሱ ያደረገው የባለሙያ ምርጫ ነው። ከእሱ በኋላ በየሠርጉ የመጣው ግን የዋጋ ጉዳይ ነው።

እኔ ንግድ ስጀምር በሠርግ ቤት አንድ ሰው፣ አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ዘፋኝ መሆን ተለምዶ ነበር። ከበሮውን ማሽኑ ይመታል፤ ቤዙን ኪቦርዲስቱ በግራ እጁ ይነካካል ወይም ማሽኑ ራሱ ይሞላል። ስድስት ሰው ይከፈለው የነበረ ገንዘብ ለሁለት ሰው ሆነ። ደጋሹ ተደሰተ። እኛም ደስ አለን፤ ኪቦርድ ቀላል ነው፣ በካርቶን ይመጣል፣ ቶሎ ይሸጣል። እኔ ራሴ ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ ያሳለፍኳቸውን ቆጥሬ አልጨርስም።

ጋሼ ይህን ያውቃሉ። አንድ ቀን ሳቅ እያሉ «ሥራዬን የወሰደውን ያመጣሽው አንቺ፣ አሁን ጊታሬን የምታመጪውም አንቺ» አሉኝ። ቀልድ ነበር። እኔ ግን ማታ ስተኛ አስታወስኩት። ለደጋሹ ምትክ የሆነው ለሙዚቀኛው እንጀራ ማጣት ነበር። «ይህ ለዚያ ምትክ ይሆናል» ስንል ለማን ብለን መጠየቅ እንዳለብን የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ሌላም መንገድ አለ። የባህል ባንዶች ቤዝ ክራር የሚባል ሠርተዋል። ክራሩን ተልቅ አድርገው፣ ወፍራም ክር ጭነው፣ በማይክ ወይም በፒክአፕ ከአምፕሊፋየር ጋር ያገናኙታል። በእኛው ቅኝት ስለሚቃኝ ከማሲንቆና ከዋሽንት ጋር ይስማማል። ይህ የባዕዱን ዕቃ መኮረጅ አይደለም፤ ሥራውን አይቶ በእጅ ባለው መሥራት ነው፤ ሊዮ ፌንደር በኮንትራባሱ ያደረገው ዓይነት። ጋሼን ጠየቅኋቸው። «ክራር አከብራለሁ፣ ግን ሃምሳ ዓመት የለመደ እጅ አይለወጥም» አሉኝ። ለእሳቸው ምትኩ ክራር አልነበረም።

ምትክ ስንፈልግ የምንለካው

የተማርኩትን ለእናንተም ላስቀምጥ፤ አንድ ቀን ጊታር ባይሆንም ሌላ ዕቃ ያጋጥማችኋል።

አንደኛ፣ ከስሙ በፊት ልኩን ጠይቁ። የቤዝ ልክ ከአንገቱ ጫፍ ክሩ ካረፈበት ነት እስከ ብሪጁ ያለው የክር ርዝመት ነው። ሻጩ ካላወቀ ከነት እስከ 12ኛው ፍሬት በሜትር ለክቶ ፎቶ ይላክ። ያ ቁጥር እጥፍ ሲሆን ሙሉውን ርዝመት ይሰጣችኋል። 38 ሳንቲ ሜትር ከሆነ አጭሩ ነው፤ 43 ከሆነ ረጅሙ። እኔ ይህችን አንድ ፎቶ ብጠይቅ ኖሮ ያ ጊታር ግድግዳዬ ላይ አይሰቀልም ነበር።

ሁለተኛ፣ አንድ ስም ብቻ አትያዙ። በ30 ኢንች አካባቢ ሌሎችም አሉ። ቫዮሊን የሚመስለው ሆፍነር 30 ኢንች ነው። የጊብሰን ኤስጂ ቤዝ የኢቢ 3ን ቅርጽ ይዞ 30 ኢንች ተኩል ይሆናል። የፌንደር ርካሽ ስም የሆነው ስኩዋየርም አጫጭር ቤዞች አሉት። የአይባኔዝ ሚክሮ ደግሞ 28.6 ኢንች ስለሆነ ከሙስታንግም ያጥራል። ለልጅ ጥሩ ነው፤ ለለመደ እጅ ግን ይጠባል።

ሦስተኛ፣ ክሩን አብራችሁ እዘዙ። የረጅም ቤዝ ክር ቆርጦ አጭሩ ላይ መጠምጠም አይመከርም፤ ወፍራሙ ክፍል መቃኛው ላይ ሲታጠፍ ይበላሻል። የድሮው ሙስታንግ ክሩ ከጀርባ በእንጨቱ ውስጥ ስለሚያልፍ ከተለመደው የአጭር ቤዝ ክር ትንሽ ረዘም ያለ ሊፈልግ ይችላል።

አራተኛ፣ ወረቀቱ። በጉምሩክ መደብ ኤሌክትሪክ ጊታርና ቤዝ የሚገቡት 9207 ውስጥ ነው፤ ያለ ኤሌክትሪክ የሚሠራው ተራ ጊታር 9202 ነው፤ ክርና መለዋወጫ 9209። ትራንዚተራችሁ «ጊታር» ብሎ ብቻ ከሞላ በጋላፊም ሆነ በደወሌ መከራከር ይመጣል። እንጨቱንም ጠይቁ። በአንገቱ ላይ የሚለጠፈው ሮዝውድ ከጃንዋሪ 2017 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የሳይትስ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ገብቶ ነበር። ተሠርተው ያለቁ የሙዚቃ መሣሪያዎች ከኖቬምበር 26 ቀን 2019 ጀምሮ ነፃ ተደርገዋል። የብራዚል ሮዝውድ ግን እስከ ዛሬ በጥብቅ የተከለከለ ነው። በ1960ዎቹ የተሠራ አሮጌ ጊታር የምትገዙ ከሆነ ይህን ሳታጣሩ ገንዘብ አትላኩ።

ጋሼና አዲሱ ቤዝ

በሁለተኛው ዙር ቀብድ አልተቀበልኩም። በራሴ ገንዘብ ያገለገለ 30 ኢንች ስኩዋየር አስመጣሁ፤ ከመግዛቴ በፊት የሜትሩን ፎቶ አስልኬ 38 ሳንቲ ሜትር መሆኑን አየሁ። የጃፓኑ ሙስታንግ በተገኘ ነበር፤ ዋጋው ግን ከጋሼ አቅም በላይ ሆነ። ይህንንም አስቀድሜ ነገርኳቸው።

በዚያው በረንዳ ሥር ተቀመጥን። ቃኙት። ያለ አምፕሊፋየር ስለነበር እኔ ብዙ አልሰማሁም፤ ጆሯቸውን እንጨቱ ላይ አስጠግተው ያዳምጡ ነበር። ትንሿ ጣታቸው አራተኛው ፍሬት ላይ ስታርፍ አየሁ። «ድምፁ ከድሮው ይቀጥናል» አሉ፤ «እሱን አምፕሊፋየሩ ላይ አስተካክለዋለሁ። እጄ ደርሷል።»

ዋጋውን በሦስት ጊዜ ከፈሉኝ፤ ትርፍ አልያዝኩበትም። የተበላሸውን ሙስታንግ ግን አልሸጡትም፣ አልጣሉትም፤ ቤታቸው ቆሟል። ረጅሙን ቤዝ ድሬዳዋ ለሚማር አንድ ወጣት በኪሣራ ሸጥኩት። እሱ ረጅም ጣት አለው፤ ለእሱ ልኩ ነው።

ከዚያ ወዲህ ኪቦርድ የሚያዘኝ ሰው ሲመጣ አንድ ጥያቄ እጨምራለሁ፦ «ቤዝ የሚጫወት ሰው አላችሁ?» አብዛኛው የለንም ይላል። አለን ላለኝ ግን ኪቦርዱን ብቻ ሳይሆን የቤዝ ክርም እንዲያዝ እነግረዋለሁ። ክር ትርፉ ትንሽ ነው፤ ሆኖም በካርቶኑ ጥግ ቦታ አይፈጅም።

እናንተስ? ከገበያ የጠፋ ዕቃ ታዛችሁ በምን ተካችሁት? ጻፉልን፤ ለሌላው ነጋዴ ይጠቅማል። መንገዱን ያቅናላችሁ።